ለግርማ የቀመስኩት ወይን

ጥቅምት 4፣ ሰኞ። ከምሽቱ 1 ሰዓት

ሽሮ። ቀይ፣ ደረቅ ወይን። 4 ከ10።

በርበሬው በዝቶ ነበር፣ ወይኑ ሲደርስበት አፌ ተቃጠለ። ለግርማ እንደዚያው ነገርኩት። የት ጋ ነው ያቃጠለሽ አለኝ፤ ምላስሽ ጫፍ ላይ ነው ወይስ ከኋላ? እኔ ምን አውቄ! ድገሚ አለ። ደገምኩ፣ በሻይ ብርጭቆ ተፋሁት። ከኋላ ነው። ጻፈ።

ደብተሬ፣ አትሳቂብኝ። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሃያ ዓመት በመዘምራን ቆሜያለሁ። ከጌታ እራት የዘቢብ ጭማቂ በቀር እንዲህ ያለ ነገር ከንፈሬን ነክቶት አያውቅም። ዛሬ ቡፌው ላይ ዐሥራ ሁለት ጠርሙስ ተደርድሯል።

አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ባሌ ግርማ ሃያ ሰባት ዓመት ሆቴል ሠርቷል። ሰሃን ከማጠብ ጀምሮ የወይን ኃላፊ ሆነ። ባልደረቦቹ «ምላስ» ነው የሚሉት፤ አንድ ጉንጭ ይዞ የትኛው ጠርሙስ እንደሆነ፣ ከተከፈተ ስንት ቀን እንደሆነው ይናገራል። አምና ጉሮሮው ላይ ካንሰር ተገኘ። ጨረር ተሰጠው። ካንሰሩ ጠፋ፣ ጌታ ይመስገን። ጣዕምም ሽታም አብሮ ጠፋ። ዶሮ ወጥም እርጥብ ካርቶንም ለሱ አንድ ነው።

ለሆቴሉ አልነገረም። አለቃው ደግሞ ለአዲሱ ሜኑ ብለው ሥራ ሰጡት፤ በየቤታችን የምንበላውን ሃያ ዓይነት ምግብ ከነሚስማማው ወይን፣ ከነነጥቡ አዘጋጅ፣ እያገገምክ እቤትህ ሥራው። ጠርሙሶቹን በመኪና ላኩለት። እሺ አለ። ሌላ መልስ ከአፉ አልወጣ አለው።

እና እኔ እቀምሳለሁ፣ እሱ ይጽፋል።


ጥቅምት 6፣ ረቡዕ። ማታ

ምስር ወጥ። ነጭ ወይን። 6 ከ10።

ዛሬ አስተማረኝ። ብርጭቆውን ከእግሩ ያዢው። አዙሪው። አፍንጫሽን አስገቢ፣ አትፈሪው። «ጥሩ ነው» «መጥፎ ነው» እንዳትይኝ፤ ምን ትዝ አለሽ?

የምሠራበት የት/ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ትዝ አለኝ አልኩት። ክረምት ላይ ጣሪያው አፍስሶ፣ መስከረም ላይ በሩን ስከፍት የሚሸተኝ።

ሳቀ። ከግንቦት ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም። ደረቅ ሳቅ ነው፤ ምራቅ ስለሌለው ወዲያው ውሃ ይጎነጫል። እኔ ቤተ መጻሕፍት ያልኩትን እሱ በሆቴል ቋንቋ ገልብጦ ጻፈው። ሳነበው ሌላ ሰው የቀመሰው መሰለኝ።

ምስሩን አንድ ሰሃን ጨረሰ። ጣፈጠህ? ብዬ ልጠይቀው ምላሴ ጫፍ ደርሶ መለስኩት። ሃያ አራት ዓመት የለመድኩት ጥያቄ ነው።


ጥቅምት 10፣ እሑድ። ከቀኑ 9 ሰዓት

ከቤ/ክ መልስ እትዬ አስቴር መጣች። ታላቄ ናት፣ እናታችን ካረፈች ወዲህ እናቴም እሷ ናት። ቤቷ ከኛ በላይ ወደ ቁስቋም መውጫው ላይ ስለሆነ ሳታስታውቅ ነው የምትመጣው። ጠርሙሶቹን ሳልሸፍን ደረሰችብኝ።

ግርማ ተኝቶ ነበር። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ይሄ ሰውዬ ከሞት አፍ ወጥቶ ደግሞ ይጠጣል? አለች። ጥፋቱ በሱ መላከኩ አስጨንቆኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«እሱ አይደለም። እኔ ነኝ።»

«አንቺ ምን?»

«የምጠጣው። ማለቴ... እቀምሰዋለሁ፣ እተፋዋለሁ።»

ነጠላዋን አስተካከለች። ቁጭ አላለችም። ሁሉንም ነገርኳት፣ ጣዕም ማጣቱንም፣ ለሆቴሉ መደበቁንም። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ፣ «ባልሽን ስለምትወጂ እንዲዋሽ ታግዥዋለሽ?» ብላኝ ሄደች። ስለ ወይኑ አንድ ቃል አልተናገረችም። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ዛሬ መዝሙር ላይ አፌን በሚንት ከረሜላ ሞልቼ ነው የቆምኩት። ትናንት ማታ ነበር የቀመስኩት። ምንም እንደማይሸት አውቃለሁ።


ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ፓስታ በቲማቲም። ሌላ ቀይ፣ ቀለል ያለው። 9 ከ10።

ደብተሬ፣ ይሄን ላንቺ ብቻ። ዋጥኩት።

ሳላስበው ነው። ፓስታው ውስጥ ቅቤ አልጨመርኩም፣ በሶብላ ብቻ። ወይኑ መጣ፣ ቲማቲሙን አቅፎት የሄደ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ እንጆሪ፣ ቀጥሎ ደግሞ ቀትር ላይ ባሕር ዛፍ ሥር የተቀመጥንበት፣ ልጃችን ሕፃን ሆና እንጦጦ የወጣን ቀን። ሲሄድ ቀስ ብሎ ሄደ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

ስገልጥ ግርማ ፊቴን እያየ ነው። እስክሪብቶውን አስቀምጧል።

ገባሽ አይደል? አለ። ገባኝ አልኩት። ሃያ አራት ዓመት «ቅመሽ ብቻ፣ አንዴ ብቻ» ሲለኝ፣ እኔ ስስቅ፣ አንዳንዴም ስቆጣ የነበረው ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣብኝ። የልደቱ ቀን። የሠርጋችን ዐሥረኛ ዓመት፤ ጠርሙስ ይዞ መጥቶ ለብቻው አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ በቡሹ መልሶ የደፈነው። አብሮኝ የሚቀምስ ሰው ነበር የፈለገው። ዛሬ እኔ አለሁ፣ እሱ የለም።

ዕቃ አጥባለሁ ብዬ ማጀት ገባሁ። ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።


ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

ት/ቤት ግማሽ ቀን ነበር። ቶሎ ገባሁ። ግርማ ማጀት ቆሟል፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ። በሾርባ ማንኪያ ሚጥሚጣ ይበላል። በደረቁ።

ማንኪያውን ቀማሁት። ከንፈሩ አብጧል፣ ዓይኑ ደም መስሏል። ሐኪሞቹ ቁስሉ ገና ነው፣ የሚያቃጥል እንዳይነካ ያሉት ጉሮሮ! ጮህኩበት። በትዳር ዘመኔ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ምን እየሠራህ ነው፣ ልትሞት ነው?

«ሙሉ፣ ያቃጥላል እኮ» አለኝ። «እስኪ የሆነ ነገር ይሰማኝ ብዬ ነው።»

ወተት አጠጣሁት። ምራቁ ላይ ትንሽ ደም ነበር። አልጋው ላይ ተጋድሞ ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያ፣ ለግድግዳው እንደሚናገር፣ ፓስታ የበላን ቀን ቀናሁብሽ አለ። ጠላሁሽ አለ፣ ትንሽ ደቂቃ። ይቅር በይኝ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። እግሩን ያዝኩ።

ዛሬ ቅምሻ የለም።


ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ትናንት ሆስፒታል ነበርን። ጉሮሮው ደህና ነው፣ ካንሰሩ አልተመለሰም። ስለ ጣዕሙ ጠየቅን። ዶ/ሯ ወጣት ናት፣ አትዋሽም። ትንሽ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፣ እንደ ድሮው ግን ይሆናል ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም፣ አለችው። እሱም፣ ገባኝ ልጄ፣ አመሰግናለሁ አላት። እስከ አዲሱ ገበያ በታክሲ፣ ከዚያ በእግር።

ዛሬ ጠዋት ራሱ አወጣው ጠርሙሱን። እንጨርሰው አለ። የማስረከቢያው ቀን ደርሷል።

ጎመን፦ 5። ድንች አልጫ ከነጩ ጋር፦ 8። ቋንጣ ፍርፍር፦ 3፣ ወይኑም ቋንጣውም ይጣላሉ። እየተፋሁ ነው። ከፓስታው ወዲህ አልዋጥኩም።


ኅዳር 2፣ ሰኞ

አለቃው ደውለው ነበር። እስካሁን የላክንላቸውን ዐሥራ ሰባት ምግብ አንብበውታል፣ በጣም ወደውታል። ሐሙስ ና፣ ምግብ ቤቱ አብስሎ ይጠብቅሃል፣ በአስተናጋጆቹ ፊት እየቀመስክ ታስረዳለህ።

ስልኩን ዘግቶ የጻፈውን ዝርዝር ከፊቱ ዘረጋ።

ንገራቸው አልኩት። እትዬ አስቴር ያለችኝ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣም። አይሆንም አለ። ሁሉንም በቃሌ ይዤዋለሁ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሆነ፣ አንቺ ምን እንዳልሽ። ጉንጬ ውስጥ አዙሬ መናገር ብቻ ነው። ተለማመድን። እኔ አስተናጋጅ፣ እሱ ግርማ። ውሃ እየተጎነጨ ስለ ቲማቲሙ፣ ስለ እንጆሪው፣ ስለ ቀስ ብሎ መሄዱ ተናገረ። የኔን ቃላት። ከኔ አሳምሮ።


ኅዳር 5፣ ሐሙስ። ከምሽቱ 12 ሰዓት

አሁን ገባ። በእግሩ ነው የመጣው፣ ያን ሁሉ መንገድ። ኮቱን ሳያወልቅ ነገረኝ። እንደነገረኝ እጽፈዋለሁ።

ሦስቱ ምግብ በሰላም አለፈ። አራተኛው ፓስታው ነበር። ያንኑ ቀይ ቀዱለት። አሸተተ፣ ጎነጨ፣ ተናገረ። እንጆሪ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሁሉንም። ቀና ሲል ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። አንዷ አስተናጋጅ፣ ሰላም የምትባል፣ ራሱ ያሠለጠናት ልጅ፣ ጠጋ ብላ በጆሮው፣ «ጋሽ ግርማ፣ ይሄ ጠርሙስ ተበላሽቷል። አቼቶ ሆኗል» አለችው።

ለሰላጣ የሚሆን አቼቶ ይዞ ነው እንጆሪ ያለው።

«ማንም አልሳቀም» አለኝ ግርማ። «አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም፣ ሙሉ።» 

አለቃው ብቻውን ቢሮ አስገቡት። እዚያ ተናገረ። ምላሴ ሞቷል፣ ዝርዝሩን የቀመሰችው ባለቤቴ ናት፣ እኔ ጸሐፊ ነኝ። ቡሽ መንቀያውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሰውዬው አልተቆጡም። ለምን አልነገርከኝም ብቻ ነው ያሉት። የወይኑን ኃላፊነት ሰላም ትረከባለች። እሱ እስከ ጡረታው አስተናጋጆቹን እንግዳ አቀባበል ያስተምራል። ዝርዝሩን ይፈልጉታል፤ የቀሩትን ሦስት ምግቦች ባለቤትህ ትጨርስልን ብለዋል።

ሲወጣ መንቀያውን ከጠረጴዛው አንስቶ ለሰላም ሰጣት። አለቀሰች አለ። እሱ አላለቀሰም። እዚህም አላለቀሰም። ኮቱን አውልቆ፣ በልክ አጥፎ ወንበሩ ላይ አደረገ። አጥፎ ጨርሶ ደግሞ ፈታው። ደግሞ አጠፈው።


ኅዳር 8፣ እሑድ

ከአምልኮ በኋላ ለመዘምራኑ መሪ ነገርኩት። ሁሉንም፣ የዋጥኩትንም። ቅር አለው፣ አየሁት። ሽማግሌዎች እስኪነጋገሩ ከመዘምራን ገለል በይልን አለኝ። እሺ አልኩ። የመዝሙር ልብሴን አጣጥፌ ሰጠሁት። ሃያ ዓመት።

እትዬ አስቴር በር ላይ ትጠብቀኛለች። ሰምታለች። ክንዴን ይዛ እስከ ቤት አደረሰችኝ፣ ገብታም አጥሚት ሠራች ለግርማ። አብርዳ ሰጠችው። ጠጣ። ስትሄድ ግንባሩን ሳመችው። ይሄን በሃያ አራት ዓመት አይቼ አላውቅም።


ኅዳር 10፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 11 ሰዓት

ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረደም። እኔም ያሉትን ሦስት ጠርሙሶች ወደ ሆቴሉ እመልሳለሁ ብዬ ካርቶን ውስጥ ከተትኳቸው። ብቻዬን አልቀምስም፤ ወስኛለሁ።

ከት/ቤት ስገባ ማጀት ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ደነገጥኩ፣ ያ ሚጥሚጣ ነው የታየኝ። ሮጥኩ። ግርማ ሽርጥ አስሮ ምስር ያማስላል። ሻይ እንኳ አፍልቶ የማያውቅ ሰው። ካርቶኑን ከፍቶ አንዱን ጠርሙስ አውጥቷል።

ቁጭ በይ አለኝ። አቀረበልኝ። ቆሞ ጠበቀ።

«ንገሪኝ። እንደነሱ ዝም እንዳትይኝ።»

ቀመስኩ። የሚዋጥ አልነበረም። ፊቱን አየሁት፣ ከስቷል፣ የሸሚዙ ኮሌታ ሰፍቶታል። ጣፋጭ ነው ማለት ምን ነበረበት?

«ጨው በዝቷል» አልኩት። «በጣም።»

ዓይኖቹ ላይ የሆነ ነገር በራ። ስንት ማንኪያ ጨመርኩ መሰለሽ አለ፤ ጨዉን በማንኪያ ቁጥር ነው የሚያስታውሰው፣ በቁጥር ይማረዋል። ድስቱን ደፋው። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ የማበስለው አለ። አንቺ ትቀምሻለሽ፣ ትነግሪኛለሽ፣ ሦስቱንም እንጨርሳለን፣ ዝርዝሩ ላይ የሁለታችንም ስም ይጻፋል። እሺ አልኩት። የሽማግሌዎቹን መልስ እሑድ እሰማለሁ። ምንም ቢሉኝ እሺ ብያለሁ፣ ያውም ሳልደብቅ።

አሁን እንደገና ጀምሯል። ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ፣ ሽንኩርት እየከተፈ ነው። ቢላውን አልለመደውም። እንባው ጉንጩ ላይ ይወርዳል። ምን ሆንክ ስለው፣ ሽንኩርቱ ነው አለኝ።

ለረጅም ጊዜ ከተፈ። አንድ ራስ ሽንኩርት ነው።

ጠራኝ፣ ልሂድ፣ ጨው ልቀምስ።