የአባትሽ መራራ ሻይ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለሚጢጢዬ

እንዴት ከርመሻል? እኛ በሕይወት አለን። በስልክ «ሁሉም ደህና ነው» ያልኩሽ ውሸት ነበር፤ አባትሽ አጠገቤ ስለነበረ ነው። በወረቀት መዋሸት ግን ይከብደኛል።

ባለፈው ዓመት የደም ግፊቱ መቶ ሰማንያ ሲገባ የታዘዘለትን ኪኒን እንዴት እንደጠላው ታውቂያለሽ። ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ነገር እስራት ነው አለ። ከዚያ አንዲት ደንበኛው ወደ አንድ የቻይና ባህል ሐኪም ላከችው። ሰውየው ጨዋ ነው። መርፌውን ሲተክልለት፣ ዕድሜውን ሙሉ ሰውን በስፒል ሲወጋ የኖረው ልብስ ሰፊው አባትሽ ዓይኑን ጨፍኖ እጄን ጨምድዶ ያዘ። ተፈልቶ የሚጠጣ ቅጠልም ሰጠው። ሲያሰናብተን «የሆስፒታሉን ኪኒን እንዳትተው» ብሎ ሁለት ጊዜ ተናግሯል። አባትሽ የሚሰማው የወደደውን ነው፤ ቤት እንደገባ ኪኒኑን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለው።

ለመንኩት፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ። ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ሆነብኝ። በመጨረሻ ኪኒኑን ከቅርጫቱ አወጣሁና በየጠዋቱ አንዷን በሁለት ማንኪያ መሃል አድቅቄ የቅጠሉ ሻይ ውስጥ እጨምርለት ጀመር። ሲያልቅም ደብቄ ገዛሁ። ቅጠሉ ከመምረሩ የተነሳ ምንም አልጠረጠረም። ግፊቱ ወረደ። ደስ አለኝ፤ ተንኮሌን ብልሃት አልኩት።

ያላሰብኩት ምላሱን ነው። የደንበኛ ቁመት እየለካ ስለ ቅጠሉ ይሰብካል። እኔም እሰማለሁ፣ ዝም እላለሁ። ከሰሚዎቹ አንዱ ጎረቤታችን ሰዓት ሠሪው ነበር። እሱም ግፊት አለበት፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚኖረው ብቻውን ነው። አባትሽን አምኖ ኪኒኑን ተወና ቅጠሉን ይጠጣ ጀመር። ከሦስት ሳምንት በፊት ሱቁ ውስጥ ወድቆ ተገኘ። ነፍሱ ተርፋለች፤ ቀኝ እጁ ግን አይታዘዘውም፣ አንደበቱም ተይዟል።

አባትሽ ሆስፒታል ጠይቆት ሲመለስ፣ «በደንብ አላፈላውም ይሆናል። ከነገ ጀምሮ እኔ አፍልቼ እወስድለታለሁ» አለኝ።

ያን ጊዜ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት።

አልጮኸም። ለሥራ ያነሳውን መቀስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ፣ «ታዲያ ለእሱስ ማን ነበር የሚያደቅቅለት?» አለኝ።

አሁን ኪኒኑን በገዛ እጁ ይውጣል። በየቀኑም ሰዓት ሠሪው ዘንድ ሄዶ በማንኪያ ያበላዋል። ስትደውይ አትቆጪው፤ ጥፋቱን ሁሉ ለራሱ ወስዶታል። ግማሹ የእኔ ነው ብዬ ብነግረው አይሰማኝም። ከእኔ ጋር አልተጣላም፣ ክፉም አልተናገረኝም። ውሃ እንኳ ግን ራሱ ነው የሚቀዳው፤ ከእጄ መጠጣት ትቷል።

ጤና ከቤትሽ አይራቅ። እውነቱን በጊዜ የምትነግሪው፣ በጊዜም የሚነግርሽ ሰው አትጪ።

የምትናፍቅሽ እናትሽ