ልደት ትታው የሄደችው ላፕቶፕ

ጥቅምት 10፣ ዓርብ

ላፕቶፑ አልነሳም አለ። ስክሪኑ ላይ ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች... አንድ ሰዓት ሙሉ አየኋት። ዛሬ ከልደት ጋር የስካይፕ ቀናችን ነበር። ባለፈው ዓርብ ከአዲስ አበባ «ባባ፣ ፋርማሲ ውስጥ ሥራ አገኘሁ፤ ካርቱም አልመለስም» ስትለኝ መስመሩ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ልጄ ዝም ብላለች።

በስልክ ልደውል? ... መጀመሪያ ይሄ ይጠገን።

ጥቅምት 12

ከሥራ በኋላ አል-ሳሃፋ ሰፈር ሄድኩ፤ ኮምፒውተር ጠጋኟ ረሺዳ ጋ። ከፈተችውና ሳቀች።

«ያ ዓም ጸጋዬ፣ አጎቴ፣ ይሄማ ሽማግሌ ነው። የድሮው ሲስተም ከብዶታል። ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጫንበት። በላሽ ነው፣ ማንም ገንዘብ አይጠይቅህም።»

«የነጻ ነገር ይሠራል?»

«ወላሂ ይሠራል። ልጫንልህ?»

«ሊኑክሱ ያለበትን ፍላሽ ብቻ ስጪኝ፣ ራሴ እጭነዋለሁ።»

ሃያ ዓመት ጄኔሬተር የጠገንኩ ሰውዬ ለአንድ ላፕቶፕ ሰው ልለምን? ቤት ስገባስ ሌላ ምን ሥራ አለኝ?

ጥቅምት 14

ጥቁር ስክሪን። ፍላሹን አላይ አለ። እንደገና ሞከርኩ። ጥቁር።

ጥቅምት 16

ስህተቱ የራሴ ነው። ስከፍተው ኤፍ 12ን ተጭኜ ከፍላሹ እንዲነሳ ማዘዝ ነበረብኝ። ረሺዳ ነግራኝ ነበር፤ እሺ እሺ ብዬ አልሰማኋትም።

መጫን ጀመረ። ግማሽ ሲደርስ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ እንደሆነ ከሞተ ቆይቷል። የሰፈሬን የቡሪን ሰው ጄኔሬተር ሁሉ እጠግናለሁ፣ ለራሴ ግን የለኝም። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚሉት ለእኔ ነው። ብቻዬን ሳቅሁ። ብቻን ሲስቁ ደስ አይልም።

ጥቅምት 18

ተጫነ! ቋንቋ ምረጥ ሲለኝ አማርኛ ብዬው ነበር፤ «እንኳን ደህና መጡ» አለኝ። በዚህ ቤት እንዲህ ከተባልኩ ስንት ጊዜዬ ነው?

ለረሺዳ ደወልኩላት። «መብሩክ! በል አሁን ልጅህን እያት» አለችኝ።

ጥቅምት 20

ስካይፕ ተከፈተ። ሳላነሳው ያመለጠኝ ጥሪ ካለ ያሳያል። የለም። አንድም የለም።

ጄኔሬተር አልነሳ ሲለኝ ናፍጣውን አያለሁ፣ ቀጥሎ ፊልትሮውን፣ ቀጥሎ ባትሪውን። ላፕቶፑ ደህና ነው። ኢንተርኔቱ ደህና ነው። ታዲያ?

እውነቱን ልጻፈው፣ ማንም አያየው። የዚያን ዕለት መስመሩ አልተቆረጠም። ፊቷ ጥርት ብሎ ይታየኝ ነበር። «አልመለስም» ስትል፣ «ሄሎ... ሄሎ... ድምፅሽ አይሰማኝም» አልኩና ላፕቶፑን ከደንኩት። በገዛ ልጄ ላይ። ብቻዬን መቅረት ፈራሁ። ይኸው ነው።

ጥቅምት 22

ሱዳን ዛሬ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰች። እስከ ትናንት የእኔና የልደት ሰዓት አንድ ነበር።

ጥቅምት 24፣ ዓርብ

ራሴ ደወልኩ። አላነሳችም። ደገምኩ። በሦስተኛው ፊቷ መጣ። ጸጉሯን አሳጥራዋለች።

«ባባ... ኔትወርኩ ተስተካከለልህ?»

«ኔትወርኩ ደህና ነበር፣ ልጄ። እኔ ነኝ የዘጋሁብሽ።»



«አውቃለሁ» አለች። «ስትከድነው እጅህ ሲመጣ አይቻለሁ።»

ይቅርታ አልኳት። ቀጥዬ፣

«ሥራውን መቼ ነው የምትጀምሪው?»

«ከጀመርኩ ሁለት ሳምንት ሊሆነኝ ነው፣ ባባ።»

ማንም እንኳን ደስ ያለሽ ሳይላት ጀመረች ማለት ነው... እኔ በሕይወት እያለሁ።

«የመጀመሪያው ቀን እንዴት ነበር?» አልኳት። ትነግረኝ ጀመር። እስከ መጨረሻው ሰማኋት።