ለማርቆስ፣ ዘንግ መምረጥን ላስተማረኝ

ውድ ባለቤቴ ማርቆሴ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ዛሬ የዳሞታ ተራራ ከጉም ጠርቶ በረንዳችን ፊት ለፊት ተቀምጧል። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ በጌታ እቅፍ እንዳለህ አምናለሁ። እኛ ያለንበትን ልንገርህ።

ልጃችን ሶስና ተመርቃ ዲምቱ ተመድባለች፤ እንዳንተው ሒሳብ ታስተምራለች። ዓርብ ዓርብ በሚኒባስ እየመጣች እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትሄዳለች። ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ወዲህ ሰፈራችን በተማሪ ተሞልቷል። እኔም የጓሮውን ክፍል ለሁለት ሴት ተማሪዎች ሰጥቻቸዋለሁ፤ ማታ ማታ እየተሳሳቁ ሲያጠኑ እሰማቸዋለሁና ቤቱ ዝም አላለም። እንሰቱ ደርሷል። አቮካዶው ግን አሁንም ቅጠል ብቻ ነው፤ አንተ «አይቆረጥ» እያልክ ትሟገትለት ነበርና እኔም እየታገስኩት ነው።

ለመጻፍ ያስነሳኝ የዓሣ ዘንግህ ነው። ባለፈው ሶስና ከግድግዳው ላይ አውርዳው፣ «እማ፣ ይሄን ይዤ አባያ ሐይቅ ልውረድ» አለችኝ። ተቀብያት፣ አንተ ታደርግ እንደነበረው ጫፉን በቀስታ ወደ ታች ጎንበስ አደረግሁት። ውስጡ ቀጭ አለ። «ደርቋል ልጄ፣ አንድ ቆሮሶ ዓሣ ቢጎትተው ይሰበራል። ይሄ ይቀመጥ፤ ላንቺ አዲስ እንመርጣለን» አልኳት። ሳቀችብኝ። «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዘንግ የምትመርጪው?»

ስንት ቅዳሜ ከቀርከሃ ሻጮች ፊት አብሬህ እንደቆምኩ እሷ የት ታውቃለች! ሰው ሁሉ ረጅሙንና ወፍራሙን ሲያነሳ አንተ አጭሩን ትፈልጋለህ። እጀታው ድርቅ ያለ፣ ጫፉ ግን ለስላሳ የሆነ። አንዱን ታጎብጥና ትለቀዋለህ፤ ቶሎ ካልተመለሰ «ይሄ እንቅልፋም ነው» ብለህ ታስቀምጠዋለህ። ሌላው አልጎብጥ ሲልህ «ይሄ ደግሞ ኩሩ ነው» ትላለህ። ሻጮቹ «መምህር፣ ሚስት ነው ወይስ እንጨት የምትመርጠው?» እያሉ ሲስቁብህ አንተም አብረሃቸው ትስቃለህ፤ ግን የልብህን ሳታገኝ አትሄድም። አንድ ጊዜ የአዋሳው ወንድምህ የክር መጠምጠሚያ ያለው የፋብሪካ ዘንግ አምጥቶልህ፣ ደስ እንዲለው ይዘኸው ወርደህ ነበር። ቆንጆ ነው፤ ግን ከሐይቁ መድረክ ሥር ለመወርወር ረዘመብህ።

ያ ጀልባ የሚታሰርበት የእንጨት መድረክ! ፀሐይ ሲበረታ ትልልቁ ቆሮሶ ከሥሩ ይጠለላል። መረብ አይገባም፤ ክንድን ዘርግቶ መወርወርም አይሆንም። አንተ ግን የዶሮ ላባ የታሰረባትን መንጠቆ፣ ክብደት እንዲሆናት ከታሰረላት እርሳስ ጋር በሁለት ጣት ትይዝና፣ ዘንጉ እንደ ቀስት እስኪጎብጥ ወደ ኋላ ስበህ ትለቃለህ። መንጠቆዋ ውኃውን ልትነካ ምንም ሳይቀራት በሳንቃዎቹ ሥር ሹልክ ብላ ጨለማው ውስጥ ትገባለች። ዓሣ አጥማጆቹ ሥራቸውን አቁመው ያዩህ ነበር።

እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁህ ከላይ ሆኜ አይደለም። ታሪኩን ታውቀዋለህ፤ ከሥር ሆኜ ያየሁትን ግን ሙሉውን ነግሬህ አላውቅም።

ያኔ ከዱቦ መጥቼ በግብርና ቢሮ ገና መቀጠሬ ነበር። የተያዘውን ዓሣ ለማስመዘን ወደ መድረኩ ጫፍ ስሄድ ሳንቃው ከዳኝ። ውኃ ውስጥ ገባሁ፤ ማዕበሉም ገፍቶ ከመድረኩ ሥር ወሸቀኝ። ዋና አልችልም። አንዱን ምሰሶ አቅፌ ጮህኩ። ጠዋት ከሸምበቆው ዳር አዞ ታይቷል ሲሉ ሰምቼ ነበርና ከውኃው ይልቅ እሱ ነው ያርበደበደኝ። ጀልባ እንዳይገባ ክፍተቱ ጠባብ ነው። ገመድ ወረወሩ፤ ሳይደርሰኝ ማዕበሉ መለሰው። አንዱ ሊዘልልኝ ሲል ጓደኞቹ ያዙት። ክንዴ ዝሎ ነበር፣ ማርቆሴ። እናቴን አሰብኩ።

ያን ጊዜ በክፍተቱ ውስጥ ፊትህ ታየኝ። ጀልባ ላይ በሆድህ ተኝተህ፣ አገጭህ ውኃውን ሊነካ ደርሶ፣ አንድ ዓይንህን ጨፍነህ ዘንግህን አጎብጠሃል። የመጀመሪያዋ ውርወራ ምሰሶውን መታችና ተመለሰች። አልተቻኮልክም። ክሩን ሰብስበህ ትንሽ ወደ ጎን ተሳብክ። «እህቴ፣ መንጠቆዋን ነቅያታለሁ፤ አትወጋሽም፣ አትፍሪ» አልከኝ። ሁሉም በሚጯጯህበት ሰዓት ስለ ጣቴ የሚያስብ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔ መጮህ ያቆምኩት ያኔ ነው። በሁለተኛው ውርወራ እርሳሷ ከፊቴ ሾልካ ክሩ ክንዴ ላይ አረፈ።

«አሁን ወደ ራስሽ ሰብስቢ» አልከኝ። ክሩን ከዘንጉ ፈትተህ ጫፉን ከወፍራሙ ገመድ ጋር ቋጥረኸዋል። ስስብ፣ ስስብ፣ ገመዱ እጄ ገባ። በብብቴ ሥር አሰርኩት፤ ሰዎቹም ቀስ አድርገው ጎትተው አወጡኝ። ከአሸዋው ላይ ተቀምጬ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ በወላይትኛ «ጋላታይስ» አልኩህ። አመሰግናለሁ ከሚለው ሌላ ቃል አልመጣልኝም። አንተም ጃኬትህን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግህና እንዳላፍር ብለህ ፊትህን ወደ ሐይቁ አዞርክ።

በኋላ ሽማግሌ ስትልክ ለምን ቶሎ እሺ እንዳልኩህ ትጠይቀኝ ነበር። «ደመወዝተኛ ስለሆንክ» እያልኩ እቀልድብህ ነበር። እውነቱ ይኸው ነው፤ ሰዎች ሲንጫጩ ረጋ ያለውን ያን ፊት በሕይወቴ ሙሉ ከአጠገቤ ላጣው አልፈለግሁም። አላጣሁትምም። በድርቁ ዓመትም፣ ሶስና በወባ በተያዘችበት ሰሞንም፣ አንተው በታመምክ ጊዜም ያው ፊት ነበረህ።

እናም ቅዳሜ ሶስናን ይዣት ገበያ ወጣሁ። ቀርከሃውን አንድ በአንድ አጎበጥኩ። እንቅልፋሙን ተውኩ፣ ኩሩውንም ተውኩ። ልጅህ አፏን ከፍታ ታየኝ ነበር። ጫፉ የሚታዘዝ፣ እጀታው የማይበገር አንድ አገኘንና በተበላ ከተማ በኩል ወደ ሐይቁ ወረድን። መጀመሪያ ላይ እርሳሱን ሳንቃው ላይ ደጋግማ አጋጨችው። «በክንድሽ አትታገዪ፤ ሥራውን ለዘንጉ ተዪለት» አልኳት። ለቀቀችው። ገባላት! መዳፍ የሚሞላ ቆሮሶ ይዛ ስትወጣ፣ መረቡን ይጠግን የነበረ አንድ ሽማግሌ ቀና ብሎ «የመምህር ማርቆስ ልጅ አይደለሽም?» አላት።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ «አባን እንዴት ነው ያገኘሽው? ከውኃ አወጣኝ ብቻ እያልሽ ነው ያሳደግሽኝ» አለችኝ። ነገርኳት፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ። ከፊት የተቀመጡት ዞሩ፣ ሾፌሩ ሙዚቃውን ቀነሰ። ሶዶ ገብተን ሚኒባሱ ከቆመ በኋላ እንኳ ማንም ለመውረድ አልተነሳም፤ ወሬዬን እስክጨርስ ጠበቁኝ። ቅርጫት የታቀፉ አንዲት እናት እጄን ይዘው «እንዲህ ያለ ሰው ነበረሽ?» አሉኝ። «ነበረኝ» አልኳቸው።

ከእንግዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። ለልጅ ልጆቻችን፣ በጓሮው ክፍል ለሚያጠኑት ልጆች፣ ለሚሰማኝ ሁሉ። አፌ እስከተናገረ ድረስ ስምህ ከዚህ ቤት አይጠፋም፤ እኔ ስደክም ደግሞ ሶስና አለች።

ያንተው አስቴር