«ምን ጎደለኝ» ስላለች ሀብታም የተባለችው ጎረቤቴ

ለተከበሩ አቶ ባድሩ
በቀበሌያችን ለጤና መድን መክፈል የማይችሉ ነዋሪዎች መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሐይቅ

ጉዳዩ፦ ሳይገባኝ የተሰጠኝን ድህነት ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ማኅተምዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ማኅተምዎን ለይቼ የጠየቅሁት ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ ተመላልሼ «የለም፣ ደሴ ሄዷል» ስለ ተባልኩ ነው።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ወሬ ላርም። ማርያማዊት የነጻ ሕክምና ካርድ ለማግኘት ስትል ቡትቶ ለብሳ መጥታ በስብሰባው መካከል አለቀሰች የሚባለው ሐሰት ነው። አላለቀስኩም። ለመጨረሻ ጊዜ ያለቀስኩት ባለቤቴ የሞተ ዕለት ነው፤ ያም ቢሆን በልክ ነበር። ቡትቶው ግን እውነት ነው። ጓሮዬ ፍግ ስበትን ውዬ ሳለሁ ስብሰባው ግዴታ ነው ተብዬ ስለተጠራሁ፣ ጭቃ የያዘ ጫማዬን እንኳ ሳልለውጥ መጣሁ። እርስዎም በትሕትና «ኑሮ እንዴት ነው፣ እትየ?» ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም እንደ ልማዴ «ምን ኑሮ አለ! ጉልበቴ ከዳኝ፣ ጤፉም ሰማይ ነካ» አልኩ። ይህን ሃያ ዓመት ሙሉ ለጠየቀኝ ሁሉ ስመልስ ኖሬአለሁ፤ የጻፈው ግን የእርስዎ ኮሚቴ ብቻ ነው። በማግስቱ በሩ ላይ በተለጠፈው ዝርዝር፣ በየወሩ ጡረታ የምቀበለው እኔ፣ በነጻ ከሚታከሙት ችግረኞች ሰባተኛ ሆኜ ወጣሁ። ስለ ሹመቱ አመሰግናለሁ። ቅር ያሉኝን ጥቂት ነጥቦች ግን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ አጥር የምንጋራት መስኡዳ ከዚያው ዝርዝር ተሰርዛለች። መስኡዳ የስኳር በሽተኛ ናት፤ ግራ እግሯ ላይ የወጣው ቁስል ሁለት ወር ሙሉ አልደርቅ ብሏል። የዘንድሮ ካርድ ስላልተሰጣት መርፌውን ራሷ መግዛት አለባት፤ አቅሙ ስለሌላት አንዱን ቀን ትወጋለች፣ አንዱን ቀን ትዘላለች። እርስዎ እንደነገሩኝ አንዱ ጥፋቷ ልብሷ ነው። በድሮ ሥርዓት ያደገች ሴት ስለሆነች፣ ሰው ፊት የሚቀርብ ሰው ካለው የተሻለውን ይለብሳል ብላ፣ ልጇ ሰሚሃ አረብ አገር በሄደች በዓመቱ የላከችላትን ጥቁር አባያ ለብሳ መጣች። ሌላ አባያ የላትም። ሰሚሃም ያችን ከላከች በኋላ፣ ይኸው ሁለት ዓመት፣ ድምጿ ተሰምቶ አያውቅም። ኮሚቴው «ልጅ አረብ አገር ያላት» ብሎ መዘገበ፤ «ልጅ አረብ አገር የጠፋባት» የሚል ሳጥን በቅጹ ላይ ስለሌለ አልፈርድበትም።

ሁለተኛ፤ የባሰው ጥፋቷ አንደበቷ ነው። «አንቺስ መስኡዳ፣ ምን የጎደለሽ ነገር አለ?» ብለው ሲጠይቋት «አልሃምዱሊላህ፣ ምን ጎደለኝ» ብላ መለሰች። በወሎ ምድር ይህን የማይል ሙስሊም የት እንዳዩ ቢጠቁሙኝ ውለታዎን አልረሳም። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ አመዱ ላይ ቆሞ ይላታል። እርስዎም ራስዎ በጥርስ ሕመም ፊትዎ አብጦ ሳለ ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጸሐፊዎ ግን በቃለ ጉባኤው ላይ «ምንም እንዳልጎደላት በራሷ አንደበት አረጋግጣለች» ብሎ አሰፈረ። እኔ ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት ቃለ ጉባኤ ጽፌያለሁ፤ ምስጋናን እንደ ጥፋት ማመን ቆጥሮ የመዘገበ ጸሐፊ ሲገጥመኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በዚህ አያያዝ በቀበሌያችን ፈጣሪውን ያመሰገነ ሀብታም፣ ያማረረ ድሃ ሆኗል።

ሦስተኛ፤ ካርዱን ልመልስ፣ ለመስኡዳ ይሰጥልኝ ብዬ ቢሮዎ መጣሁ። ካርድ እንደማይተላለፍ፣ ቅሬታ ማቅረብ የሚችለውም ያልተመረጠ ሰው ብቻ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዱኝ። «እትየ፣ ያለ አግባብ ተጠቀምኩ የሚል ቅጽ የለንም፤ እስካሁን ጠያቂም አልመጣም» አሉኝ። ከልብዎ እንደተናገሩ አምናለሁ። በዝርዝሩ ከእኔ በላይ ስድስት ሰዎች አሉ፤ አንደኛው የሁለት ባጃጅ ባለቤት ነው።

መድኑን የምቃወም እንዳይመስልዎ። ጤነኛው ለታመመው፣ ያለው ለሌለው መክፈሉ እዚህ ከተማ ከገቡት ሐሳቦች ሁሉ ይሻላል ባይ ነኝ። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚሸጠው ኢስሃቅ «ሦስት ዓመት ከፍዬ አንድ ቀን እንኳ አልታመምኩም፣ ተበላሁ!» እያለ ሲጮህ፣ «ስለ ጤንነትህ ከልብ አዝናለሁ» ያልኩት እኔ ነበርኩ። አሁን ግን «አንቱማ ምን አለብዎ፣ በነጻ አግኝተዋል» ብሎ አፌን አስያዘኝ። እውነቱን ነው። ኢስሃቅ የሚመጣው ዓመት አልከፍልም ቢል ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይሆንም። ሰው ለታመመ ጎረቤቱ መክፈል አይጠላም፤ ፍግ ፍግ ለምትሸት ባለ ጡረታ መክፈል ግን ይጠላል።

አራተኛ፤ ቅሬታ መቀበያው ከነገ ወዲያ ሐሙስ እንደሚዘጋና መስኡዳ ራሷ ቀርባ መናገር እንዳለባት ነግረውኛል። ስለዚህ ሦስት ቀን በተከታታይ ከሰዓት በኋላ ማማረር ሳስተምራት ሰነበትኩ። ጎበዝ ተማሪ አይደለችም። «ተቸግሬአለሁ በይ» ስላት «ተቸግሬአለሁ፣ ግን ረቢ ይመስገን፣ ከስንቱ እሻላለሁ» ትላለች። «ስንቱን ተይውና ስለ ራስሽ ተናገሪ» ስላት «እትየ፣ ወላሂ አፍራለሁ» ብላ በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። ትናንት የደረስንበት ከፍተኛው ደረጃ «እግሬን ትንሽ ያመኛል» የሚለው ነው፤ ያችን «ትንሽ» ላስጥላት አልቻልኩም።

እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሐሙስ ከመጣች አፏን አይጠይቁ፤ ፋሻውን አስፈትተው እግሯን ይዩ። እግር ይሉኝታ የለውም።

ሥራዎ እንዲቃና፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ኑሮዎም በኮሚቴ ፊት ከመመርመር ተጠብቆ እንዲዘልቅ እየተመኘሁ፣ በሰጡኝ ማዕረግ እፈርማለሁ።

ማርያማዊት ይመር
የቀበሌው ሰባተኛ ድሃ

ግልባጭ፦ በሩ ላይ ከዝርዝሩ ጎን ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ

ማስታወሻ፦ ነገ ይህች አሮጊት ምን ይዛ ትመጣ ይሆን እያሉ እንዳይጨነቁ፣ የነገ ሥራዬን በቅደም ተከተል ላሳውቅዎ። መጀመሪያ፣ ጎህ ሲቀድ ውኃ አፍልቼ፣ አብርጄ የመስኡዳን ቁስል አጥባለሁ። ቀጥሎ ባጃጅ አስመጥቼ ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ፤ ካርድ ሲሉን ከጡረታዬ እከፍላለሁ። ሐኪሙ ደሴ ሄዳ ትታይ ካለ፣ ቤት ሳንመለስ ከዚያው ሚኒባስ እንሳፈራለን፤ እግሯን እንድትዘረጋ ጭኔ ላይ አኖረዋለሁ። እንዲህ ከሆነ ሐሙስ ስሟ ሲጠራ አቤት የሚል አይኖርም። ያን ጊዜ ጸሐፊዎ «ሳትቀርብ ቀርታለች» ብሎ እንዳያቆም ይንገሩልኝ፤ ለምን እንደቀረችም ይጻፍ፤ ታማ ነው።