በመኝታ ቤትሽ የተጀመረው ዩኒቨርሲቲ

ሲግናል፣ አዲስ አበባ
መስከረም 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለዳርቱ ነገሳ
አሰላ

ዳርቱዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ኡርጂስ ደኅና ናት? እዚህ ዝናቡ ገና አልለቀቀንም፤ ጉልበቴን ግን ተሽሎኛል።

ከሳምንት በፊት እሑድ ስትደውዪ፣ «እማዬ፣ ኡርጂ እዚያ ዩኒቨርሲቲ ብትገባ ቤት ውስጥ ቦታ ይኖራል?» አልሽኝ። «እስቲ ልየው» ብዬ ዘጋሁት። ለልጅ የሚሰጥ መልስ አልነበረም። በስልክ አፌ እንደማይፈታ ታውቂያለሽ፤ ሲጻፍ ይሻለኛል።

መጀመሪያ ልጅሽን ለማን እንደምትሰጪ እወቂ።

አባትሽ ባረፈ በዓመቱ ፍሥሐ የሚባል ወጣት መምህር ቪላውን ሊከራይ መጣ። በር የከፈትሽለት አንቺ ነሽ። «እትዬ ሀይማኖት፣ እዚህ ኮሌጅ እንከፍታለን» ሲለኝ፣ «ኮሌጅ ግቢ አይፈልግም እንዴ? የኔ እኮ ሁለት በግ አያሳድርም» አልኩት። እየሳቀ ተከራየ። ሳሎኑ የሒሳብ አያያዝ መማሪያ፣ ኩሽናው ሬጅስትራር፣ ያንቺ መኝታ ቤት ደግሞ የጸሐፊነት ክፍል ሆነ። ከራስጌሽ ያለውን ግድግዳ ጥቁር ቀብተው ሰሌዳ አደረጉት። እኔ ሰርቪሱ ገባሁ፤ አንቺ አሰላ አክስትሽ ጋ ሄድሽ።

ተማሪዎቹ ሲወጡ ክፍልሽን እየጠረግሁ ሰሌዳው ላይ የቀረውን አያለሁ። ፊደል የለቀምኩት እንደዚያ ነው። ያቃተኝን ጠይባ ትነግረኛለች። ጠይባን አታውቂያትም፤ ከወራቤ የመጣች የመጀመሪያው ዙር ተማሪ ናት። ማደሪያ አጥታ ብትቸገር ሰርቪሱ ውስጥ አስጠጋኋት፤ እስክትመረቅ አብራኝ ኖረች። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስለነበር የመጀመሪያውን ደብዳቤዬን «ጉዳዩ፦ ጤንነትሽን ስለመጠየቅ» ብዬ አልጻፍኩልሽም? አክስትሽ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ያ ኮሌጅ ነው እንግዲህ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ እንጦጦን ፊት ለፊት እያየ የቆመው። ባለፈው ሳምንት ጠይባ ወስዳ አስጎበኘችኝ። አሁን ዲን ናት፤ ተማሪዎቹ ሲያዩዋት መንገድ ይለቃሉ። ነርሶቹ የሚለማመዱበት አሻንጉሊት እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ ደንግጬ ምሕረት ለመንኩለት። ሕግ የሚማሩት የልምምድ ችሎት አላቸው፤ ዳኛውም ተከሳሹም ተማሪ ነው። ተከሳሹ አንጀቴን በላውና ሲፈረድበት ተነጫነጭኩ፤ እሱ ግን ዞሮ ጠቀሰኝ። ለሰፈሩ ችግረኛ አቤቱታ በነፃ ይጽፋሉ። ሥነ ሕንፃ የሚማሩት ደግሞ ከካርቶን ቀበናን ከነወንዙ ሠርተውታል። ኡርጂ መሳል ትወድ የለ? እዚያ ፊት ብዙ ቆምኩ። ቤተ መጻሕፍቱን ሳይማ መቀመጥ አማረኝ። ከአንድ ሰሌዳ ተነሥቶ እዚህ ደረሰ ብዬ ኮራሁ፤ የሠራሁት ነገር ያለ ይመስል።

ቢሮዋ እንደገባን ጠይባ፣ «ዳርቱስ?» አለችኝ።

«ሱቅ አላት፤ አርባ ሊሞላት ነው» አልኳት።

«ዕድሜ ብንጠይቅ የማታውን ተማሪ ግማሹን ከበር መመለሳችን ነው። ማታ ተምራ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ የለ?» አለች። የርቀት ትምህርት አላቸው፤ አካውንቲንግ። ሱቅሽን ሳትዘጊ እያነበብሽ፣ ለማጠናከሪያና ለፈተና ብቻ ትመጫለሽ። እኔ ሸክም እንዳይሆንብሽ ብዬ ምክንያት መደርደር ጀመርኩ። ጠይባ አዳመጠችኝና፣

«እማማ፣ እኔ እኮ እዚህ የደረስኩት በእሷ አልጋ ላይ ተኝቼ ነው» አለች።

ከዚያ ቁልቁል እስከ ሲግናል ወረድን።

ቪላውን እስከ ክረምቱ ድረስ ለማታው ክፍል ይጠቀሙበት ነበር። ቁልፉን ፍሥሐ ራሱ አመጣልኝ፤ ሸብቷል። ቀለም ቀቢው ክፍልሽ ሲደርስ፣ «ይሄን ጥቁር ላጥፋው?» ቢለኝ ተወው አልኩት። ጠመኔም ገዝቻለሁ።

ቦታ ይኖራል ወይ ላልሽኝ፣ ትናንት አልጋሽን ከሰርቪሱ አውጥቼ ወደ ክፍልሽ መልሼዋለሁ። ሰሌዳው ሥር ነው፣ በፊት በነበረበት። ለኡርጂ ሌላ አሠርቼ በመስኮቱ በኩል አድርጌላታለሁ። እሷ ባንቺ አልጋ ላይ እንዳትተኛ ንገሪያት። ያንቺን ከእንግዲህ ለማንም አልሰጥም።

ምዝገባው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ሁለታችሁም ኑ። ለእሷ ብቻ ከሆነም እሺ፤ አንቺ ግን አምጥተሻት አንድ ሌሊት እደሪ።

የካ ሚካኤል መንገዳችሁን ያቅናው። እጅሽ የነካው ይባረክ፤ ልጅሽ ካንቺ አትራቅ።

እናትሽ ሀይማኖት