በበረንዳችን ላይ የተቀመጠው የቅጠል ሰው

ቤል ክሪክ፣ ኦሃዮ
እሑድ፣ ኖቬምበር 2

ልጄ ሮይስ፤

ይህ ወረቀት ጤና ሆነህ፣ እንቅልፍም ሳይነሳህ ያግኝህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርድ ሲገባ ጉልበቴ የሚያደርገኝን አንተም ታውቀዋለህ። ልጅህ ዴሊያ ደህና ናት። ዘጠኝ ዓመት ከሞላት ወዲህ ዝም ብላ ነው የምትመዘዘው፤ ትምህርት ሲከፈት የገዛሁላት ሱሪ አሁን ቁርጭምጭሚቷን አይሸፍንም። ከጃንዋሪ ጀምሮ ከላክሁልህ ደብዳቤ አንዱንም አልመለስክልኝም፤ አልወቅስህም፤ ታነባቸዋለህ ብዬ ነው የምጽፈው። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ኮቴን ሳላወልቅ ወረቀት ያነሳሁት፣ ዓርብ ዕለት ለሃሎዊን በቤታችን የሆነውን ሌላ ሰው ሳይነግርህ እኔው ልንገርህ ብዬ ነው።

ባለፈው ዓመት በዚያ ቀን አንተ ፍርድህን እየጠበቅህ እስር ቤት ነበርክ፤ ሚስትህ ማርላ ከተቀበረች ደግሞ ሦስት ወር እንኳን አልሞላትም ነበር። እኔና ዴሊያ የበረንዳውን መብራት አጥፍተን ወጥ ቤት ተቀመጥን። መብራቱ የጠፋ ቤት ለከረሜላ እንደማይንኳኳ የሰፈሩ ልጆች ያውቃሉ። ጭንብላቸውን ለብሰው፣ የከረሜላ ከረጢታቸውን ይዘው፣ እየተሳሳቁ በደጃችን አለፉ። ድምፃቸው እስኪርቅ ሁለታችንም ማንኪያ አላነሳንም።

ዘንድሮም እንደዚያው ሊሆን ነበር ሐሳቤ። እውነተኛ ሞት የገባበት ቤት ለሳቅ ብሎ አጽምና መንፈስ ሲሰቅል ነውር መሰለኝ። ደግሞም ማርላ በየዓመቱ ከምድር ቤት የምታወጣቸውን ጌጦች፣ ያን በአየር የሚነፋውን ጥቁር ድመት ጭምር፣ በፋሲካ ሰሞን ለቤተ ክርስቲያኑ ባዛር ሰጥቻቸዋለሁ። ሳጥኖቹ ላይ የእጅ ጽሑፏን ማየት አልቻልኩም ነበር። የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤትም ሥራዬን በሳምንት ወደ ሦስት ቀን ስለቀነሰው እጄ አጥሯል።

በኦክቶበር መጀመሪያ እራት ላይ ልጅህ ቀና ብላ፣ «እማማ፣ ዘንድሮም መብራቱን እናጠፋለን?» አለችኝ።

«እናጠፋለን።»

«እስከ መቼ?»

«ጌጦቹን ሰጥተናቸዋል፤ መግዣ ደግሞ የለንም» አልኳት። ምክንያቱ እሱ እንዳልሆነ እያወቅሁ ድህነቴን መሸሸጊያ አደረግሁት።

«መግዣ ማን ጠየቀሽ?» አለች። ቁርጥ አንተን!

በማግስቱ ሥራ ጀመርን። ከምሠራበት ወጥ ቤት ባዶ የወተት ፕላስቲኮች ሰብስቤ መጣሁ፤ አጥበን፣ በጥቁር ቀለም ዓይንና አፍ ሥለንላቸው፣ የገናን መብራት በውስጣቸው አሳለፍን። ዴሊያ የቆሻሻ ከረጢት እየቀደደች የሌሊት ወፍ ቆረጠች። የአባትህን ያረጀ ግራጫ ሹራብ ተርትረን ክሩን በበረንዳው እንጨት ላይ እንደ ሸረሪት ድር ወጠርነው። ዱባ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ፣ ሰው ሳይፈልጋቸው የቀሩ ሁለት ጠባሳማ ዱባዎች በነፃ ሰጡን፤ ዴሊያ በአንደኛው ላይ ጠባሳውን አፍ አደረገችው። ለመንፈስ የሚሆን ነጭ አንሶላ ስናጣ የአበባውን አንሶላ ቀደድኩት።

«እማማ! አበባ የለበሰ መንፈስ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ይቺኛዋ በሕይወት ሳለች አበባ ትወድ ነበር በያቸው» አልኳት።

ከአፌ ካወጣሁት በኋላ ደነገጥኩ። ማርላ አበባ የምትተክልበትን የአትክልት ቦታ አስበው። ልጅህ ግን አንሶላውን ፊቷ ላይ አድርጋ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ዓመት አልፎኝ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ከለከልኳት። ሰዎች ከካርቶን እየሠሩ ሣሩ ላይ የሚተክሉትን የመቃብር ድንጋይ አልፈልግም አልኳት። «እኔም መቃብር አልፈልግም» አለች። «እኔ የምፈልገው ሰው ነው።» ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

ሃሎዊን ሳምንት ሲቀረው፣ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ አንተ በበረንዳው ላይ፣ ወንበርህ ላይ ተቀምጠህ አየሁህ።

ለካ ያን ከእንጨት መሰንጠቂያው የሰጡህን ቡናማ የሥራ ጃኬትህን፣ ደረቱ ላይ ስምህ የተሰፋበትን፣ ከቁም ሳጥን አውጥታ የረገፈ የሜፕል ዛፍ ቅጠል ጠቅጥቃበታለች። ሱሪህን፣ ጓንትህንና የሥራ ጫማህን ጨምራ፣ ለራስ የትራስ ልብስ ሞልታ፣ ኮፍያህን ደፍታበታለች። እንደዚህ ዓይነት የቅጠል ሰው በየበረንዳው እንደሚቀመጥ አውቃለሁ፤ አንተም ልጅ ሳለህ ሠርተሃል። የኛው ግን ስም ነበረው። ውሻዋን የምታንሸራሽር ሴትዮ አየችውና መንገዱን ተሻግራ በማዶ በኩል ሄደች።

«ዴሊያ፣ የኔ ልጅ፣ ይህ አይሆንም፤ እናንሳው» አልኳት።

«ለምን?»

«ሰው ይከፋዋል።»

«ማነው የሚከፋው? አንቺ ይከፋሻል?»

«እሺ፣ ስሙን እንኳን እንፍታለት።»

«ስሙን ከፈታነውማ ማን ይሆናል?» አለችና ከጫማው አጠገብ ተቀመጠች። ተውኩት። ደፋር ሆኜ እንዳይመስልህ፤ ማንሳት አቅቶኝ ነው።

አማትህ ኦርቪል ልጁን ማርላን ከቀበረ ጀምሮ ግቢያችንን ረግጦ አያውቅም ነበር። እሑድ እሑድ ዴሊያን ሊወስዳት ሲመጣ መንገዱ ጥግ ቆሞ ክላክስ ያደርጋል፣ እሷ ሮጣ ትሄዳለች፣ እኔና እሱ ከሩቅ ራሳችንን እንነቀንቃለን፤ በቃ። ለካ ልጅህ ሳትነግረኝ ደውላ ለበረንዳው ምሰሶ ማስጌጫ የበቆሎ አገዳ ጠይቃዋለች። ቅዳሜ ከሰዓት ፒካፑ ግቢያችን ሲገባ እኔ ሰሃን እያጠብኩ ነበር።

አገዳውን ተሸክሞ ደረጃው ሥር ሲደርስ ቀና አለ። ሸክሙ ከትከሻው ወረደ። ጃኬቱ ላይ ያለውን ስም ሲያነብ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ በሽቦ መረቡ በር አየሁ። ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣ። እኔ እጄ አረፋ እንደሆነ ቆሜ ቀረሁ። ዴሊያ ናት ሮጣ ከፊቱ የቆመችው፣ እጆቿን ዘርግታ።

«አባባ፣ አትምታው!»

ኦርቪልን ታውቀዋለህ። በሰባ ሁለት ዓመቱ በሰው ላይ እጁን አንስቶ የማያውቅ ሰው ነው።

«እኔ?» አለ። «እኔ ልመታው?»

«ስሙ ሲነሳ ሁልጊዜ እጅህን ትጨብጣለህ» አለችው።

ወደ እጁ ተመለከተ። እውነትም ጨብጦታል። ቀስ ብሎ ዘረጋውና ጣቶቹን የሌላ ሰው ይመስል አያቸው። ከዚያ ሌላ የሚያደርገው የጠፋው ይመስለኛል፤ ከኪሱ ሲባጎ አወጣ። «በደንብ አልተቀመጠም፤ ንፋስ ሲነሳ ይወድቃል» አለ። በወገቡ አዙሮ ከወንበሩ ጋር አሰረው። ገበሬ እንደሚያስር አጥብቆ አሰረው፤ ፊቱን ግን አላየም።

ዴሊያን መቀስ አምጪ ብሎ ወደ ውስጥ ላካትና ወደ እኔ ዞረ።

«ቨርና፣ የመኪናው አደጋ ቀን ሁለቱ ከዚህ ቤት ሲወጡ ነበርሽ አይደል?»

«ነበርኩ።»

«መጠጣቱን አውቀሽ ነበር?»

ሮይስ፣ ይህን ፖሊስም ጠይቆኝ ነበር። አላስተዋልኩም ብያለሁ። ለአንተም፣ ለራሴም እንደዚያው ስል ዓመት ዞረ።

«አውቄያለሁ» አልኩት። «ጉንጬን ሲስመኝ መጠጡ ሸቶኛል። የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛ ላይ አንስቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሚስቱ ፊት ላሳፍረው አልፈለግሁም።»

ጀርባውን ሰጥቶኝ ደረጃውን ወረደ። ዴሊያ መቀሱን ይዛ ስትወጣ እሱ መኪናው ውስጥ ነበር። «አባባ በኔ ተቆጣ?» አለችኝ። «በኔ ነው» አልኳት። አገዳውን እኔና እሷ ምሰሶው ላይ አሰርነው። በማግስቱ እሑድ ዴሊያን ሊወስድ አልመጣም፤ ሳምንቱን ሙሉም አልደወለም።

ዓርብ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መብራቱን አበራን። የወተት ፕላስቲኮቹ ፊት ሲበራ ቤቱ አማረበት፤ ሌላው ቤት ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ካደረገው የኛ አላነሰም። ዴሊያ የሌሊት ወፍ ክንፍ ለብሳ የከረሜላ ሳህኑን ታቅፋ ቆመች። ልጆች መጡ። አጥራችን ጋ ይደርሱና እናቶቻቸው ጃኬቱን ሲያዩ እጃቸውን ይዘው ወደሚቀጥለው ቤት ይወስዷቸዋል። አንዱ ቡድን አለፈ፣ ሌላው አለፈ።

«ከረሜላ አለ! እሱ ቅጠል ነው! ምንም አያደርግም!» እያለች ትጣራለች። ድምጿ እየቀጠነ መጣ። መብራቱን ላጥፋው ብዬ እጄ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ነበር።

ያኔ ኦርቪል በእግሩ መጣ። የእሑድ ኮቱን ለብሷል። ደረጃውን ወጣ፣ ሁለተኛውን ወንበር፣ የማርላን ወንበር፣ ጎትቶ ከቅጠሉ ሰው ጎን አስጠጋውና ተቀመጠ።

«ሳህኑን ወዲህ በይ» አላት።

«አባባ፣ አይመጡም እኮ።»

«ከኔ ጋር ተቀምጦ ሲያዩት ይመጣሉ» አለ።

መጡ፣ ልጄ። መጀመሪያ የንብ ልብስ የለበሰች ትንሽ ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች፤ እናትዮዋ ኦርቪልን አየችው፣ ከጎኑ ያለውን አየች፣ ከዚያ «መልካም ምሽት፣ ሚስተር ኦርቪል» ብላ ልጇን ወደ ደረጃው ለቀቀቻት። ከዚያ በኋላ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን አላረፍንም። አንዱ ጨቅላ የቅጠሉን ሰው ጓንት ጨብጦ «አመሰግናለሁ» ሲለው ኦርቪል ፊቱን ወደ ጨለማው አዞረ።

ልጆቹ ሲያልቁ፣ ዴሊያ በዱባዎቹ ውስጥ ያለውን ሻማ ልታጠፋ ወደ ታች እንደወረደች፣ ኦርቪል ዓይኑ መንገዱ ላይ እንዳለ እንዲህ አለኝ።

«ያልሽኝን ሳላስበው የዋልኩበት ቀን የለም። ማርላ ደውላልኝ ነበር ቨርና፣ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት። ‹አባዬ፣ መጠጡ በዝቶበታል፣ ፈርቻለሁ› አለችኝ። ‹ባልሽ ነው፣ ቻይው› አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት።»

እጄን ክንዱ ላይ አደረግሁ፤ አላነሳውም።

«ይቅር አላልኩትም» አለ። «ይቅር ብሎሃል ብለሽ እንዳትነግሪው። ግን ልጅቷ አባቷን በቅጠል ሠርታ ስታስቀምጥ ማየት አልችልም። እስር ቤቱ ድረስ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። እኔ አደርሳችኋለሁ። አልገባም፤ መኪናው ውስጥ እጠብቃችኋለሁ።»

ትናንት ዘነበ። ጃኬትህ እንዳይበሰብስ ዴሊያ ራሷ ፈታችው፤ ቅጠሉን ግቢው ውስጥ በተነችው፣ እኔ ልብሱን አጥቤ ምድጃው አጠገብ ሰቀልኩት። አላለቀሰችም። ብቻ «እኔን ሲያየኝ ያውቀኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ያውቅሻል አልኳት። ሐሰተኛ አታድርገኝ።

ሮይስ፣ እስር ቤቱ ደውዬ ጠይቄ ነበር፤ በጎብኚዎችህ ዝርዝር ላይ ማንንም አላስመዘገብክም አሉኝ። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። እኔም የአውቶቡሱን መንገድ ርቀት ምክንያት አደረግሁ እንጂ፣ ቁልፉን በሰጠሁበት እጄ እጅህን መጨበጥ ፈርቼ ነው የቀረሁት። ይህን ለብቻህ እንድትሸከመው ትቼህ ቆየሁ። ከአሁን በኋላ አልተውህም፤ ለፖሊስም ለማንም እውነቱን እናገራለሁ።

እግዚአብሔር በዚያ ግንብ ውስጥ ይጠብቅህ፤ ሰላም ያለው እንቅልፍ ይስጥህ፤ የማርላን ነፍስ በደጉ ቦታ ያኑርልን፤ እኛንም ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

የጎብኚ መመዝገቢያ ወረቀቱን ጠይቅና ስማችንን አስመዝግብ፤ የዴሊያን፣ የኔን። የኦርቪልንም ጨምር። አልገባም ብሏል። ቢሆንም ጨምርለት።

እናትህ
ቨርና