ሦስት ሰው ሳይጠይቁ ሞት የማይናገሩት ጋዜጠኛ አያልነሽ

ጋዜጠኛ አያልነሽ ሐብተማርያም ከአባታቸው ከመምህር ሐብተማርያም ወልዴና ከእናታቸው ከወ/ሮ አስካለ ገብሬ ግንቦት 3 ቀን 1960 ዓ.ም. በይርጋ ዓለም ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውንም እዚያው ተከታተሉ። በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ዜና አንባቢ ስለነበሩ፣ መምህራኑ እንኳ ወሬ ሲያምራቸው እሳቸውን ይጠይቁ ነበር ይባላል።

በአዲስ አበባ በሪፖርተርነት ከሠሩ በኋላ በ1990 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ መጡ። በፓርክላንድስ ሰፈር ከአንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ለአገራቸው ልጆች የሚተላለፈውን የእሑድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ከካሜራ ባለሙያው ከአቶ ሱሩር ጋር መሠረቱ።

ሰው ናቸውና አንድ ቀን ተሳሳቱ። በ1995 ዓ.ም. ወደ ሥራ ሲሄዱ፣ ኢስትሊ ሰፈር በሚገኘው በአቶ ዘርይሁን ታመነ ምግብ ቤት ደጅ ድንኳን ተተክሎ ሰው ሲያለቅስ ከተሳፈሩበት የማታቱ ታክሲ መስኮት አዩ። ሰዓት ደርሶባቸው ነበርና ሳይወርዱ፣ ሳይጠይቁ፣ አቶ ዘርይሁን ማረፋቸውን በቀጥታ ስርጭት ተናገሩ። ለካ አቶ ዘርይሁን መርዶ ለመጣበት ጎረቤታቸው፣ የኪራይ ክፍሉ ለለቀስተኛ አልበቃ ቢለው፣ ደጃቸውን ሰጥተውት ኖሯል። እሳቸው ጓዳ ሽንኩርት እየከተፉ የራሳቸውን ሞት ከራሳቸው ቴሌቪዥን ሰሙ።

ፕሮግራሙ ሳያልቅ ደወሉ። ጋዜጠኛዋ እዚያው ይቅርታ ጠየቁ፤ በሳምንቱም በእንግድነት ጋብዘው፣ ኮስተር ብለው፣ «በሕይወት መኖርዎን በምን ያረጋግጣሉ?» አሏቸው።

«ነገ ምሳ ይምጡና ክትፎውን ማን እንደሚከትፍ ይዩ» አሉ አቶ ዘርይሁን።

ሄደው አዩ። በ1996 ዓ.ም. ተጋብተው ብሩክታዊትንና ኢዮኤልን ወለዱ።

ከዚያ ስሕተት ወዲህ ሦስት ሰው ሳይጠይቁ የማንንም ሞት አልተናገሩም። የኢስትሊ ሰው «አያልነሽ ካላሉ አልሞተም» እስከ ማለት ደረሰ። ደግሞ በየእሑዱ ካሜራው ሊበራ ሲል ለባለቤታቸው ይደውሉና «ዘርዬ፣ አለህ?» ይላሉ። አቶ ዘርይሁን «አለሁ» ካላሉ ፕሮግራሙ አይጀመርም። አቶ ሱሩር ሰዓታቸውን እያዩ ሲቁነጠነጡ ስንት ዓመት ኖሩ!

ጋዜጠኛ አያልነሽ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ቅዳሜ ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ዐረፉ። አቶ ዘርይሁን የሐኪሙን ቃል ሰሙ። ነርሷን ጠየቁ። ከዚያ የእናቷን እጅ ይዛ የተቀመጠችውን ብሩክታዊትን ጠየቁ። ሦስቱም አንድ ቃል ተናገሩ። ቢሆንም እርማት ይመጣ ይሆናል ብለው እስኪመሽ ስልካቸውን ከእጃቸው አላስቀመጡም።

ትናንት እሑድ፣ በተለመደው ሰዓት፣ ያ ስልክ ጮኸ። ከስቱዲዮ ብሩክታዊት ነበረች።

«አባዬ፣ አለህ?»

አቶ ዘርይሁን እንባቸውን ጠርገው «አለሁ» አሉ። ፕሮግራሙም ተጀመረ።

የእናታችንን ነፍስ አምላክ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውንም ዘወትር «አለሁ» ያሰኝልን።